ይህችን ዶሮ ማን አረዳት?

እናቴ ሴት ያረደችውን ሥጋ በአፏ አዙራ አታውቅም ነበር። ለእሷ በክት ነው፤ ገደል ገብቶ ከሞተ ከብት አይለይም። አባቴ ከሞተ፣ ወንድሜም መምህር ሆኖ ካቺሲ ከተመደበ በኋላ ቤታችን ውስጥ የሚያርድ ወንድ ስላልነበረ፣ በዓል በመጣ ቁጥር ዶሮዋን በክንፏ አንጠልጥላ፣ ቢላዋውን በሌላ እጇ ጨብጣ፣ አጥሩ በር ላይ ቆማ ማተብ ያሰረ ወንድ እስኪያልፍ ትጠብቃለች። «ልጄ፣ እባክህ ይህችን ባርክልኝ» ትለዋለች። ባጃጅ ነጂው ያርዳል፣ ተማሪው ያርዳል፣ ከቢሮ የሚመለሰው ጸሐፊ ሱሪውን ሰብስቦ ያርዳል። አንዴ እንዲያውም ጠላ ቤት የዋለ ሰውዬ እየተንገዳገደ አረደልንና ዶሮዋ አንገቷ በግማሽ ተቆርጦ ግቢውን በደም ዞረችው። አሳድጄ ይዤ ልጨርሳት ነበር፤ እናቴ ግን ጮኸችብኝና ያው ሰካራም ተመልሶ ጨረሳት።

«ያ ሰውዬ ከእኔ ይሻላል?» አልኳት፣ ቀሚሴ በደም ርሶ።

«ወንድ ነው» አለችኝ። ክርክሩ በዚሁ አበቃ።

እኔ ደሜ ቶሎ ይፈላል። ይህ ነገር ሁልጊዜ ያንገበግበኝ ነበር፤ አዲስ አበባ ሠርቼ ከተመለስኩ ወዲህማ ባሰብኝ። ፒያሳ አካባቢ አንዲት ግሪካዊት አሮጊት ቤት ለዓመታት ምግብ አብሳይ ነበርኩ። እዚሁ ተወልዳ እዚሁ ያረጀች ናት፤ በአማርኛ ስትሳደብ ከእኔ ትበልጣለች። ዶሮ የምታርደው ራሷ ነበረች። ዕቃ ማጠቢያው ላይ አጋድማ፣ ሲጋራዋን ከከንፈሯ ሳታወርድ፣ ቢላዋውን አንዴ ብቻ ትስበዋለች። እኔ እግሯን እይዛለሁ። የመጀመሪያ ቀን ዓይኔን ብጨፍን በማማሰያ ጉልበቴን መታችኝ። «የምትበዪውን እይው!» አለችኝ። አየሁት፣ በላሁትም። ለእናቴ ግን አልነገርኳትም፤ ምን አጣላኝ?

ከእሷ የተማርኩት ሰላጣ ነው አምቦ ላይ እንጀራ የሆነኝ። የዶሮዋን ፈረሰኛ ከአጥንቱ ገንጥዬ በሎሚ፣ በጨው፣ በነጭ ሽንኩርትና በጦስኝ አሽቼ ከሰል ላይ እጠብሰዋለሁ። ቲማቲሙ፣ ኪያሩ፣ ቀይ ሽንኩርቱና ቃሪያው በትልልቁ ይቆረጣል፤ እንደለመድነው ሰላጣ ደቆ ውሃ አይሆንም። ከላዩ አይብ ይፈረፈርበታል። ዋናው ነገር ግን የእርጎው ማባያ ነው። አሮጊቷ የሱቅ እርጎ ነበር የምትጠቀመው። እኔ ጊንጪ ያለች አንዲት ሴት በወይራ በታጠነ ቅል የምታረጋውን፣ እኛ ኢቲቱ የምንለውን ወፍራም እርጎ በሚኒባስ አስመጣለሁ። በንጹህ ሻሽ ቋጥሬ ውሃው እስኪንጠፈጠፍ እሰቅለውና የተፈቀፈቀ ኪያር፣ የተወቀጠ ነጭ ሽንኩርትና እንስላል እጨምርበታለሁ። ጭስ ጭስ ይላል። አሮጊቷ ብትቀምሰው መጀመሪያ ትሰድበኝና ከዚያ ሰሃኑን ትልሰው ነበር። የዩኒቨርሲቲው መምህራን «የግሪኩን አምጪልን» እያሉ ያዝዙኝ ነበር፤ እናቴም ቢሆን ዶሮዋን የአጥሩ በር ላይ ወንድ አርዶላት እስከሆነ ድረስ ትበላው ነበር።

ያ የአድማ ሰሞን የመጣብን፣ አንድ መምህር ለግብዣ ይህንኑ ሰላጣ አዝዞኝ፣ ዶሮዎቹን ገዝቼ ግቢ ካሰርኩ፣ እርጎውንም ከጊንጪ ካስመጣሁ በኋላ ነው። መንገዱ በድንጋይና በግንድ ተዘጋ። ጎማ ተቃጠለ፤ ጥቁር ጭሱ ዋናው መንገድ ላይ ተኝቶ ዋለ። ከጊንጪ ወዲህ መኪና ማለፍ አቆመ። ሱቁን የከፈተ መስታወቱ ይረግፋል፣ ከቤቱ የወጣ ወጣት እየታፈሰ ይወሰዳል። መጀመሪያ የድንጋይ ድምፅ ቆርቆሮ ላይ፣ ቀጥሎ ጥይት፣ ቀጥሎ የሴት ጩኸት፤ ቀኑ የሚያልፈው በዚህ ተራ ነበር። ጥይቱ ከየትኛው ሰፈር እንደሚተኮስ በጆሮዬ መለየት ጀመርኩ። እንዲህ ዓይነቱን ነገር መልመዴ ራሱ ያናድደኛል።

ወንድሜ ትምህርት ቤቱ ሲዘጋ ከካቺሲ ግማሹን በእግሩ፣ ግማሹን በጭነት መኪና መጣ። በመጣ ማግስት አጥር የሚለየንን ጎረቤት ልጅ መሣሪያ የያዙ ሰዎች ከአልጋው ላይ በጸጉሩ ጎትተው ሲያወጡት በቆርቆሮው ቀዳዳ አየን። በሰደፍ አፉን መቱት። ልጁን ይዘውት ሲሄዱ ጥርሶቹ መሬት ላይ ቀሩ፤ እናቱ ተንበርክካ ለቀመቻቸውና በመሐረቧ ቋጠረቻቸው። ምን ልታደርግባቸው እንደሆነ አላውቅም። ያደረገው ነገር ይኑር አይኑር የሚጠይቅ አልነበረም፤ ወንድ መሆኑና ወጣት መሆኑ በቂ ነበር።

ከዚያን ሰዓት ጀምሮ ወንድሜን ኮርኒስ ላይ ሰቀልነው። ቤታችን የጭቃ ነው፤ ኮርኒሱ እርስ በርሱ የተሰፋ ማዳበሪያ ነው። ከእናቴ አልጋ በላይ ጥጉ ላይ ስፌቱን ፈትተን አስገባነውና እንጨቱ ላይ በሆዱ ተኛ። ሽንቱን በጀሪካን፣ ውሃውን በሃይላንድ እናቀብለዋለን። «ጀግና ለአገሩ፣ ፈሪ ለእናቱ» እያልኩ ከታች እተርበዋለሁ። «የምትተርቢው ባል ፈልጊ» ይለኛል ከላይ። በዚያ ሰሞን ሳቅ ብለን የያዝነው ይህንን ነበር። እናቴ አትስቅም። የእሷ ነገር አንድ ብቻ ነበር፤ ያ ልጅ ከዚያ ጣራ ሥር በሕይወት እንዲወርድ።

ከቀናት በኋላ ሽሮው አለቀ። መብራት ጠፍቷል፣ ከሰሉ ጥቂት ነው፣ እርጎውም ሊበላሽ ነው። ዕለቱ ፍስክ ነበር። ወንድሜ ደረቅ ዳቦ ብቻ በልቶ ሲያድር ድምፁ እየሰለለ ሄደ።

«አንዷን ዶሮ ለምን አትሠሪለትም?» አለች እናቴ።

«ወጥ ከሰሉን ይጨርሰዋል፣ ሽታውም ዋናው መንገድ ድረስ ይሄዳል። ሰላጣውን እሠራለሁ» አልኩና ቢላዋውን አነሳሁ። እጄን ያዘችው።

«ምን ልታደርጊ ነው?»

«ላርድ ነዋ! መንገድ ላይ ወንድ የለም። ልትለምኚው የምትቆሚበት በር እንኳ የለሽም።»

«ልጄ ይውረድና ያርዳት።»

«እማዬ፣ ውጭ ሰው እየታረደ ነው! አንቺ የዶሮዋ አራጅ ያሳስብሻል?»

«ሰው እየታረደ ስለሆነ ነው» አለችኝ፣ ቢላዋውን ከእጄ እየፈለቀቀች። «ዛሬ እግዜርን የማስቀይምበት ቀን አይደለም።»

ይህንን ስትል በንዴት የማድ ቤቱን በር በእርግጫ መታሁት። እሷ ግን ሄዳ ጠራችው። ወንድሜ ወረደ። ጸጉሩና ቅንድቡ ጥቀርሻ ለብሷል፣ እግሩ ደንዝዞ ግድግዳ ይዞ ነው የሚሄደው። ከማድ ቤቱ ጀርባ ወደ ምሥራቅ ዞሮ «በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ» አለና አረዳት። ዶሮዋ መንፈራገጧን ሳታቆም እናቴ ጀርባውን ገፍታ ወደ ኮርኒሱ መለሰችው። የፈላ ውሃ አፍስሼ ላባዋን ነጨሁ፣ ለበለብኳት፣ ፈረሰኛዋን ገነጠልኩ፣ በሎሚና በጦስኝ አሽቼ ጎድጓዳ ሰሃን ውስጥ አስቀመጥኩት። የቀረውን ብልቷን እያወጣሁ ሳለ የአጥሩ በር በእርግጫ ተበረገደ።

መሣሪያ የያዙ ሰዎች ግቢውን ሞሉት። ሁለቱ ሳሎን ገብተው ፍራሹን በሳንጃ ዘነጠሉ፣ የጤፉን ማዳበሪያ ገልብጠው በቦት ጫማ ረገጡት፣ የአባቴን ፎቶ ከግድግዳ አውርደው ጀርባውን አዩና ወለሉ ላይ ወረወሩት። አንዱ የሳሎኑን ኮርኒስ በአፈሙዝ ወጋ ወጋ ሲያደርገው አቧራና የአይጥ ኩስ ፈሰሰ። ልከለክል ብገባ በሰደፍ ደረቴን መታኝና መሬት ላይ ተቀመጥኩ። ትንፋሼ ሲመለስ ያው ሰው ወደ እናቴ መኝታ ክፍል አልፎ፣ አልጋዋ ላይ በጫማው ወጥቶ፣ አፈሙዙን ወደ ማዳበሪያው ሲያነሳ በክፍቱ በር አየሁት።

«ና ወዲህ!» የሚል ድምፅ ከማድ ቤት መጣ። ሰውዬው አፈሙዙን አውርዶ ከአልጋው ዘለለ።

የጠራው አለቃቸው ነው። ቀጭን፣ ጎልማሳ፣ ዝግ ብሎ የሚናገር ሰው ነበር። እኔ የሚጮህ ሰው አልፈራም፤ እንዲህ ዓይነቱን ነው የምፈራው። ተነስቼ ማድ ቤት ስገባ የተነጨውን ላባ በጫማው ጫፍ ይገልጣል።

«እዚህ ቤት ወንድ አለ?» አለኝ።

«የለም። አባቴ ሞቷል፣ ወንድሜም በሥራ ካቺሲ ነው።»

ወደ ጎድጓዳው ሰሃን፣ ቀጥሎም በመስኮቱ ከማድ ቤቱ ጀርባ ወዳለው ደም አየ። ደሙ ገና አልደረቀም።

«ታዲያ ይህችን ዶሮ ማን አረዳት?»

ይህንን ጥያቄ የሚጠይቅ እንደ እናቴ ያለች ሴት ያሳደገችው ሰው ብቻ ነው። መንገደኛ ነው እንዳልል መንገደኛ የለም። ጎረቤት ነው እንዳልል የጎረቤቴን ወንድ ራሳቸው ጥርሱን አራግፈው ወስደውታል። እናቴ ተከትላኝ ከጀርባዬ ቆማለች።

«እኔ ነኝ» አልኩት።

ፈገግ አለ። «እናቴ ዶሮ ይዛ ሰፈር ለሰፈር ወንድ ስትለምን ነው ያደግሁት። ሴት አታርድም።»

«የእርስዎ እናት አታርድ ይሆናል። እኔ አዲስ አበባ ሠርቻለሁ፤ እዚያ ነው የተማርኩት።»

ወደ እናቴ ዞረ። «እማማ፣ እርስዎስ ልጅዎ ያረደችውን ይበላሉ?»

እናቴ ከኦሮምኛ ሌላ አማርኛም ታውቃለች፤ ስትደነግጥ ግን ይጠፋባታል። «እበላለሁ» ብቻ አለች።

«ጥሩ» አለ። ግቢው ጥግ ወደታሰሩት ዶሮዎች በአገጩ አመለከተ። «አንዷን አምጪያትና እዚህ ፊቴ እረጃት።»

እግር ይዤ አውቃለሁ እንጂ ቢላዋውን ስቤ አላውቅም። ቀይዋን ፈትቼ አመጣሁ። ክንፎቿን በግራ እግሬ፣ እግሮቿን በቀኝ እግሬ ረገጥኩ፣ ጭንቅላቷን ወደ ኋላ ቀለበስኩና ጉሮሮዋ ላይ ያለውን ላባ በጣቴ ነጨሁ። «በስመ አብ» ስል ድምፄ እንደ ሌላ ሰው ድምፅ ሆነብኝ። ቢላዋው አጥንት ሲገነጥል ውሎ ደንዟል። መጀመሪያ ስስበው ቆዳው ብቻ ነው የተቆረጠው፣ ዶሮዋም ጮኸች። ሁለተኛ ሳብኩት። ደሙ ፊቴ ላይ ተረጨ፣ አፌ ውስጥ ገባ። ሦስተኛውን በሙሉ ጉልበቴ ስስበው ጭንቅላቷ እጄ ላይ ቀረና ሰውነቷ ከእግሬ ሥር እየዘለለ ወደ ሰውዬው ጫማ ሄደ። ዓይኔን አልጨፈንኩም። ልንገራችሁ፣ ያን ሰዓት እጄ ውስጥ የነበረው የዶሮ አንገት አልመሰለኝም፤ የእሱን አንገት ነበር የማየው፣ ደስም ብሎኝ ነበር።

እናቴ ነጠላዋን ፊቷ ላይ አድርጋ ነበር። እሱ እንደሚያያት ስታውቅ አወረደችው።

«ለካ ታርጃለሽ» አለ። «አሁን ሥሪያት። እኛ የቀረውን ቤት ጨርሰን እንመለሳለን። እማማ ፊቴ ተቀምጠው ይበሏታል። ካልበሉ ይህንን ቤት ከጣራው ጀምሬ ነው የማፈርሰው።»

አንዱን ጠመንጃ ያዥ የውሃው በርሜል አጠገብ ትቶ ወጣ። ጠባቂው ድንጋይ ላይ ተቀመጠና መሣሪያውን ጭኑ ላይ አጋደመ። ከተቀመጠበት የሳሎኑም የማድ ቤቱም በር ይታየዋል። ወንድሜን አውርዶ በጀርባ አጥር የማሻገር ተስፋዬ በዚያው ሞተ።

ስለዚህ ሰላጣ ሠራሁ። ሌላ ምን አደርጋለሁ? ቀይዋን ነጨሁ፣ ለበለብኩ፣ ፈረሰኛዋን ገነጠልኩ፣ በሎሚ አሸሁ። ሎሚው እጄ ላይ የነበረውን ቁስል ሲያቃጥለው ነው እጄን እንደቆረጥኩ ያወቅሁት። ከሰሉን አቀጣጠልኩና የሁለቱንም ፈረሰኛ ጎን ለጎን ጣድኩ። ሥጋው ሲንጣጣ ከሁለት ቤት በላይ በር ተሰበረ፣ አንድ ሰው «ኧረ በእግዚአብሔር!» አለ፣ ከዚያ ተኮሱ። ኪያሩን እንደ ጠላት ከተፍኩት። ነጭ ሽንኩርቱን ሙቀጫ ውስጥ ስወቅጠው በርሜሉ ጋ ያለው ሰውዬ ዞሮ እስኪያየኝ ድረስ ነው የወቀጥኩት። እርጎውን ከሻሹ ፈታሁ፤ ኮምጥጧል፣ ግን አልተበላሸም። እንስላሉን በጣቶቼ ቆራርጬ ጨመርኩ፣ ጨው አድርጌ ቀመስኩት። እንዲህ ባለ ሰዓት ጨው መቅመሴ ይገርመኛል፤ እጅ የለመደውን ይሠራል።

«ሽታው ደስ ይላል» አለ ሰውዬው ከድንጋዩ ላይ።

«ላቅርብልህ?»

«ሴት ያረደችውን አልበላም» አለና ፊቱን አጨማደደ።

ሰው ከአልጋው ጎትቶ ጥርሱን ሲያራግፍ ያልተጸየፈ ሰው፣ የእኔን እጅ ተጸየፈ። ማንቆርቆሪያውን ፊቱ ላይ ላፈስስበት ምንም አልቀረኝም ነበር። ኮርኒሱን አሰብኩና ዋጥኩት።

ሁለቱ ዶሮዎች እኩል ተጠብሰው፣ እኩል ተቆርጠው ሲቀመጡ ማንም አይለያቸውም። ያን ጊዜ ነው ሐሳብ የመጣልኝ። ሰላጣውን በትልቁ ሰሃን አደረግሁ፤ ወንድሜ ያረዳትን በግራ፣ እኔ ያረድኳትን በቀኝ ደረደርኩ፣ እርጎውን መሐል ላይ አፈሰስኩ። እናቴ ሌማቱን ልትወስድ ስትገባ ጆሮዋ ሥር በኦሮምኛ «ከን ቢታ ከን ኢሳቲ» አልኳት፤ የግራው የእሱ፣ የወንድሜ ነው ማለቴ ነው። አለቃው ከየት ያውቃል? እሷ የለመደችውን ትበላለች፣ እሱም በክት የበላች ይመስለዋል። በሕይወቴ እንደዚያ ብልጥ የሆንኩበት ቀን የለም። እናቴ ሌማቱን አንስታ ወጣች።

አለቃው ሲመለስ እጅጌው ላይ ደም ነበረ፣ የዶሮም አልነበረም። ሳሎን ገብቶ የተዘነጠለው ፍራሽ ጫፍ ላይ ተቀመጠ። የመኝታ ክፍሉ በር ከጀርባው ክፍት ነው፤ ከእሱ ራስ እስከ ወንድሜ ሆድ ያለው ርቀት አንድ በር ብቻ ነበር። እናቴ ፊት ለፊቱ ዱካ ላይ ተቀመጠች። ሰሃኑን መሐላቸው አስቀመጥኩት፣ ግራው በእሷ ግራ በኩል እንዲሆን አዙሬ።

«ይብሉ እማማ።»

እናቴ አማተበች። እጇን ዘረጋች፤ እጇ ግራውን አልፎ ወደ ቀኝ ሄደ።

የተሳሳተች መሰለኝ። እሷ ግን ቀስ ብላ፣ እኔ ካረድኳት ዶሮ ትልቁን ቁራጭ መርጣ አነሳች፣ እርጎው ውስጥ ነከረችው፣ አፏ ውስጥ ከተተችው። አኘከች። የአንገቷ ጅማት ተወጥሮ አየሁት። ስድሳ ዓመት ሙሉ የጠበቀችው ነገር ነው እዚያ ጥርሷ መሐል ያለው። ዓይኗ እንባ ሞላ፤ ዋጠችው።

«ይድገሙ» አለ ሰውዬው።

ደገመች። አሁንም ከቀኝ። ሦስተኛውን ሳይላት አነሳች። እሱ የሚያየው አፏን ሳይሆን ጉሮሮዋን ነበር፤ መውረዱን ይጠብቃል።

ከዚያ እናቴ ያልጠበቅሁትን አደረገች። አንድ ቁራጭ በእርጎ ነክራ፣ ኪያርና አይብ ደርባበት፣ በሦስት ጣቷ ጠቅልላ ወደ አፉ ዘረጋችለት።

«የልጄ እጅ ይጣፍጣል። በሞቴ፣ አንዲት ጉርሻ» አለችው። አማርኛዋ ሁሉ ተመልሶላት ነበር።

ሰውዬው ወደ ኋላ ሸሸ። «አይ፣ ይተዉት።»

«የእናት ጉርሻ አይመለስም። በልቻለሁ፣ አየኸኝ። አንተም ብላ።»

ተነሳች። እጇ አፉ ጋ ሊደርስ ነው፤ እርጎው በጣቶቿ መሐል እየተንጠባጠበ የተዘነጠለው ፍራሽ ላይ ይፈስሳል። ደም ለብሶ የመጣው ሰው ከአንዲት አሮጊት ጉርሻ ሲሸሽ ጀርባው ግድግዳ መታ። ፊቱ ተቀየረ። ጥይት አይቶ እንደዚያ እንደማይሆን እርግጠኛ ነኝ። አፉን በክንዱ ሸፍኖ ተነሳና ምራቁን ወለሉ ላይ ጢቅ ብሎ ወጣ። በሩ ላይ ቆሜ ነበርና ሲያልፍ በእጁ ጀርባ ፊቴን መታኝ። ከንፈሬ ተተረተረ። «በክት» አለኝ። ጠመንጃ ያዡም ተነስቶ ተከተለው። የአጥሩ በር ተዘጋ።

ጫማቸው ቀጣዩ ግቢ እስኪገባ አልተንቀሳቀስንም። ከዚያ እናቴ በፍጥነት ወደ ጓሮ ወጣች። ልታስመልስ መስሎኝ ተከተልኳት። ማድ ቤቱ ጀርባ፣ ከደሙ አጠገብ፣ በሁለት እጇ አፏን አፍና ግድግዳውን ተደግፋለች። ወደ ላይ ይላታል፣ እጇን ግን አታነሳም።

«አውጪው እማዬ፣ ሄደዋል!» አልኳት።

ራሷን በአሉታ ነቀነቀች። ሲያልፍላት እጇን አወረደች። «ከወጣ ዋጋ የለውም» አለችኝ።

በጣም ተናደድኩ፤ ከፍርሃቴ ብዛት ነው። «ግራው የእሱ ነው ብዬሽ ነበር! አልሰማሽም? ለምንድነው በገዛ እጅሽ...»

«ሰምቻለሁ» አለች። «ለሰውዬው እበላለሁ ብዬዋለሁ። በውሸት ያተረፍኩት ልጅ አይበረክትልኝም። ውሸቱን እውነት ላድርገው ብዬ ነው።»

ፊቷን አጠብኩላት፣ ከንፈሬን አጠበችልኝ።

ጀምበር ስታዘቀዝቅ መንገዱ ጸጥ አለና ወንድሜን አወረድነው። ክንዱ ላይ የጥርስ ምልክት ነበር፤ እንዳይስል ራሱን ነክሶ ነው የዋለው። ሁሉንም ሰምቷል። እናቴን አቀፋት፣ የእኔን ፊት ግን ማየት አቃተው። ሰሃኑን ሳመጣለት ግን ራብ ነውና ወዲያው ተቀመጠ፤ እጁን ዘረጋና መሐል ላይ አቆመው።

«እኔ ያረድኳት የትኛዋ ናት?» አለ።

ክፋት የለውም። ልማድ ነው። ኮርኒስ ላይ ሆኖ የሰማውን ሁሉ ሰምቶ እንኳ እጁ የለመደውን ነው የፈለገው። እኔ ልመልስለት አፌን ስከፍት እናቴ በጥፊ አጮለችው። ወንድሜን በልጅነቱ እንኳ መትታው አታውቅም። ሰሃኑን አነሳች፣ በሩን ከፈተች፣ ግራውን በሙሉ በእጇ ጠርጋ ደጅ ለሚዞረው የሰፈር ውሻ ደፋችለት። የቀረውን ፊቱ አኖረችው።

«ኛዹ!» አለችው። ብላ።

ወንድሜ በላ። እንባው እርጎው ላይ ይንጠባጠባል፣ እሱ ይጎርሳል። እናቴ እጇን ሳትታጠብ ከራሱ በላይ ቆማ፣ እያንዳንዱ ጉርሻ በጉሮሮው ሲወርድ እያየች፣ ሰሃኑ ባዶ እስኪሆን ድረስ ከዚያ አልተነቃነቀችም።